ኮድ ለሚማር ወጣት መበየጃና ቴስተርም ያሻዋል

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣቶችን በኢንተርኔት አማካይነት ከፕሮግራሚንግ ጋር አስተዋውቋል። ሥልጠናውን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ይሁን እንጂ ኮድ ከስክሪን ሳይወርድ የሚቀር ከሆነ ትልቅ የትምህርቱ ክፍል እንደሚጎድል፣ ይህንንም ክፍል ዛሬ ያለ ረዳት የያዙት በትርፍ ሰዓታቸው በየቤታቸው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድና ሽቦ የሚያገናኙ ሰዎች እንደሆኑ፣ ለእነሱም በመሀል አዲስ አበባ የጋራ መሥሪያ ቦታ ሊዘጋጅላቸው እንደሚገባ አምናለሁ።

ለምሳሌ የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን በፊደላችን የሚያሳይ የግድግዳ ሰዓት መሥራት ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ሰዓቱ በእርግጥ አያስቸግርም፤ ከፈረንጆቹ ሰዓት ላይ 6 መቀነስ ይበቃል። ቀኑ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገራም። በእንዲህ ዓይነት ሥራ የተለመደው ዲኤስ 3231 የተባለው የሰዓት ቺፕ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን፣ በሌሎቹ ዓመታት 5 ቀን መሆኗን፣ በዚህም ምክንያት ከሉቃስ በኋላ ያለው ዕንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ መስከረም ከ11 ወደ 12 እንደሚገፋ የሚያሰላውን ኮድ ሠሪው ራሱ መጻፍ አለበት። ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ወይስ ጎህ ሲቀድ የሚለውንም የሚወስነው እሱው ነው፤ ስለ ሌሊት ነገር ሲያወራ «ለዓርብ አጥቢያ» የሚል ቤተሰብ ያለው ሰው ጥያቄው ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስክሪኑ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚነሳበት ባለ 16 በ2 ኤልሲዲ የአማርኛ ፊደል አያውቅም፤ ሠሪው በ5 በ8 ነጥብ እየሣለ የሚያስገባቸውን 8 ምልክቶች ብቻ በአንድ ጊዜ ይይዛል። «ቅዳሜ መስከረም» ልክ 8 ፊደል ስለሆነ ይገባል፤ «ማክሰኞ መስከረም» ግን 9 ነውና አንዱ ፊደል ሜዳ ላይ ይቀራል። ባለ 128 በ64 ነጥብ ወደሆነው ኦሌድ ስክሪን ሲሻገር ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ከሀ እስከ ፐ ያሉትን 231 ፊደላት እያንዳንዳቸውን በ16 በ16 ነጥብ ለመያዝ 7392 ባይት ያስፈልጋል፤ ጀማሪዎች የሚጠቀሙበት አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ የሥራ ሜሞሪ ግን 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደላቱን ፕሮግራሙ ወደሚቀመጥበት 32 ኪሎባይት ማከማቻ አዛውሮ፣ የሚፈለገውን ብቻ አንድ በአንድ እያነሱ ማሳየት የግድ ይሆናል። በላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሠራ ተማሪ ሜሞሪ እንዲህ ሲያልቅበት የሚያይበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ስታኞው በደንብ ሳይቀልጥ የተያዘ አንድ የቺፕ እግር መሣሪያውን አንዴ እያስነሳ አንዴ እያጠፋ፣ ሠሪውን ጥፋቱ የሌለበትን ኮድ ሲያስፈትሸው የሚያመሽበትን ዓይነት ችግርም ከቪዲዮ መማር አይቻልም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በኪራይ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ በተዘረጋ ካርቶን ነው። ዕቃ የሚገኘው ወይ መርካቶ ተወርዶ፣ ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ ለትርፍ ሰዓት ሥራ የሚቀመስ አልሆነም። ቦርዱን እያንዳንዱ ሰው ይግዛ። ኦሲሎስኮፕን (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ)፣ ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃንና አስተማማኝ የኃይል ምንጭን ግን አንድ ግለሰብ በዓመት ለጥቂት ቀናት ለሚጠቀምበት ነገር ይግዛ ማለት ብክነት ነው።

አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና የሳይንስ ሙዚየም አሉ። ከሁለቱ በአንዱ ለማንም ክፍት የሆነ አንድ የመሥሪያ ክፍል ቢመደብ ከላይ ለተጠቀሰው ሥልጠና ጥሩ ተከታይ ይሆናል። አደጋ ያስከትላል የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል፤ የመብራታችን 220 ቮልት በእርግጥ ይገድላል። ነገር ግን ሰዎች ያለ ጠባቂ በየቤታቸው ከሶኬት ጋር ከሚታገሉ፣ ብሬከር ባለበት ጠረጴዛ ላይ ዕውቀት ያለው ቴክኒሻን አጠገባቸው ሆኖ ቢሠሩ ይሻላል። «ከዚህ ሥራ ምን ገቢ ይገኛል?» የሚለውን ጥያቄ ግን አልቀበለውም፤ ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ የሚያነብን ሰው ስለ ትርፉ አይጠይቅም።

ክፍሉ ከሥራ መውጫ በኋላ፣ ቢያንስ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ማታ ክፍት መሆን ይኖርበታል፤ ለመግባትም ከመታወቂያ በቀር የድጋፍ ደብዳቤ፣ ፕሮፖዛልም ሆነ ማኅተም መጠየቅ የለበትም።