ማስተካከያ፦ በትእዛዝ የተሰረዘ ፋይል ቅርጫት ውስጥ አይገኝም

ትእዛዝ በጽሑፍ ስለምንሰጥበት የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ባለፈው በጻፍኩት ጽሑፍ ላይ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው የታሪክ ነው፤ ሌላው ግን ፋይል ሊያስጠፋ ስለሚችል ከእሱ ልጀምር።

«በዴል (del) ትእዛዝ የተሰረዘ ፋይል ከቆሻሻ ቅርጫቱ መልሶ ይገኛል» ብዬ ነበር። አይገኝም። ወደ ቅርጫቱ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዴስክቶፑ በኩል በመዳፊት መርጠን የምንሰርዘው ነው፤ ዴል በዚያ በኩል አያልፍም። ዴል ብሎ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ የጨመረ ሰው ያለበትን ፎልደር ፋይሎች በሙሉ ሰርዝ ማለቱ ነው። ያኔ መስኮቱ እርግጠኛ መሆኑን ይጠይቀዋል። የአንድ ፋይል ስም ብቻ ከጻፈ ግን ጥያቄ እንኳን የለም፤ ኢንተር ሲጫን አለቀ። እኔ አሁን በዴል ፋንታ መጀመሪያ ዲር ብዬ ያንኑ ስም እጽፋለሁ፤ የሚወጣው ዝርዝር ሊሰረዝ ያለው ነው።

ሁለተኛ፣ መስኮቱን «ዶስ» ብዬዋለሁ፤ ዶስ ግን ከዊንዶውስ በፊት የነበረ ሥርዓተ ክወና ነው። የዶስ ትእዛዝ ተርጓሚ (የተጻፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ኮማንድ ነጥብ ኮም ይባል ነበር፤ እስከ ዊንዶውስ 95 እና 98 ድረስም ዘልቋል። የዛሬው መስኮት ተርጓሚ ሲኤምዲ (cmd) ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ የተወረሰ ሌላ ፕሮግራም ነው። ዲር፣ ኮፒና ሲዲን የመሰሉ ትእዛዞች ስለሚጋሩ መንታ ይመስላሉ፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ሌላው የዊንዶውስ ትእዛዝ ተርጓሚ ፓወርሼል ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ዴልን እዚያ መጻፍ ቢቻልም ቅርጫቱን ግን እሱም አያውቀውም።