በካሚኖ አልጋ የሚያጣው ብዙ የሚሄደው ነው

ነሐሴ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በስፔኑ የካሚኖ መንገድ ላይ ፖርቶማሪን የሚደርስ መንገደኛን መጀመሪያ የሚቀበለው ከድልድዩ ማዶ ያለው የድንጋይ ደረጃ ነው። ደረጃውን ጨርሶ ከተማው ሲገባ በየማደሪያው በር ላይ አንድ ቃል ተለጥፎ ያገኛል፦ «ኮምፕሌቶ»። ሞልቷል ማለት ነው። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ሰውየው ጠዋት ከሳሪያ ተነስቶ 22 ኪሎ ሜትር በእግሩ መጥቷል፤ ቀጣዩ የመንግሥት ማደሪያ ያለበት ጎንሳር ደግሞ ሌላ 8 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ዳገት ነው።

ካሚኖ የሚባለው በሰሜን ስፔን አቋርጦ የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ ዐፅም አርፎበታል ወደሚባለው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል የሚያደርሰው የተሳላሚዎች መንገድ ነው። ለእኛም ባዳ አይደለም፤ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሮም በኩል እስከዚያ የዘለቁ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ። ዋናው መስመር ከፈረንሳይ ድንበር፣ ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነስቶ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2024 ብቻ ኮምፖስቴላ የሚባለውን የምስክር ወረቀት የወሰደው ሰው ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ስለዚህ መንገድ ሲጠይቁ ሁለት ምክር ይሰጣቸዋል። አንደኛው «በቀን 25 ኪሎ ሜትር መሄድ አለብህ»፣ ሁለተኛው «አልጋ በወራት ቀደም ብለህ ካልያዝክ አለቀልህ» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ይባስ ብሎ ሁለተኛውን ችግር የሚፈጥረው የመጀመሪያው ምክር ነው።

የመንገድ መጽሐፎች ጉዞውን በቀን በቀን ከፋፍለው ያስቀምጡታል፦ ሳሪያ፣ ፖርቶማሪን፣ ፓላስ ደ ሬይ፣ አርሱዋ፣ ኦ ፔድሮውሶ፣ ሳንቲያጎ። ሁሉም ሰው አንድ መጽሐፍ ይዞ አንድ ከተማ ላይ ግር ብሎ ይወርዳል። የቁልቢ ልማድ ያለን ሰዎች ይህ ብርቅ አይሆንብንም፤ ታኅሣሥ 19 ሁሉም እዚያው ነው። ልዩነቱ ካሚኖ ላይ የንግሥ ቀን ጠብቆ መድረስ ግዴታ አለመሆኑ ነው። ደንቡ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድና ክሬደንሲያል በሚባለው የተሳላሚ ደብተር ላይ በቀን ሁለት ማኅተም ማስመታት ነው። በስንት ቀን ጨረስክ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ ያንኑ ከሳሪያ እስከ ሳንቲያጎ ያለውን መንገድ፣ 115 ኪሎ ሜትሩን፣ በ5 ቀን ፋንታ በ10 ቀን እንክፈለው። ሳሪያ–ፌሬይሮስ 13፣ ፌሬይሮስ–ፖርቶማሪን 9፣ ከዚያ ቬንታስ ደ ናሮን 13፣ ፓላስ ደ ሬይ 12፣ ሜሊዴ 15፣ ሪባዲሶ 11፣ ሳልሴዳ 14፣ ኦ ፔድሮውሶ 8፣ ሞንቴ ዶ ጎሶ 15፣ ሳንቲያጎ 5። ቁጥሩ በአንድ ኪሎ ሜትር ወዲህ ወዲያ ይል ይሆናል። ዋናው ነገር ፌሬይሮስ ያደረ ሰው ፖርቶማሪን ከረፋዱ 5 ሰዓት መድረሱ ነው። ከሳሪያ የተነሣው ሕዝብ ገና መንገድ ላይ እያለ እሱ ቦርሳውን በሩ ላይ አስቀምጦ ወረፋ ይዟል። ቬንታስ ደ ናሮንና ሪባዲሶ ደግሞ ብዙው ሰው ቡና ጠጥቶ የሚያልፋቸው ሰፈሮች ናቸው።

የማደሪያዎቹን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አልቤርጌ ይሏቸዋል። ሳንቲያጎ ባለበት ክልል፣ በጋሊሲያ፣ የክልሉ መንግሥት የሚያስተዳድራቸው 10 ዩሮ ገደማ ያስከፍላሉ፣ ቀድሞ ማስያዝ አይፈቅዱም፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ይከፍታሉ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋሉ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ለቅቆ ይወጣል። ካልታመመ በቀር ሁለተኛ ሌሊት ማደር የለም፤ ስለዚህ የዕረፍት ቀን የፈለገ ሌላ ቤት ይፈልግ። ለፍራሹና ለትራሱ ስስ የወረቀት ጨርቅ ይሰጣሉ እንጂ ብርድ ልብስ አይጠበቅም። ወጥ ቤት አለ ተብሎ ፓስታ ገዝቶ መግባትም ሞኝነት ነው፤ ምድጃው አለ፣ ድስቱ ብዙ ጊዜ የለም። የግል ማደሪያዎች ከ12 እስከ 20 ዩሮ ያስከፍላሉ፣ በስልክም ይያዛሉ። «ዶናቲቮ» የሚባሉት ዋጋ የላቸውም፣ ሣጥን ነው ያላቸው። ነጻ ናቸው ማለት ግን አይደለም። የዛሬውን እራት ያበሰለው ትናንት ያደረው ሰው የጣለው ገንዘብ ነውና ባዶ እጅ መውጣት ነውር ነው።

አጭር መንገድ የራሱ ጣጣ አለው። 12 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ንጋት 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ረፋድ 3 ሰዓት ላይ የተዘጋ በር ፊት ይቀመጣል፤ ዝናብ ካለ ደግሞ ይበሰብሳል። 2 ሰዓት መነሣት ይበቃል። በዚያ ላይ ሌሊት ፌስታል የሚያንኮሻኩሹትን ሰዎች ከመምሰል ይድናል። ሌላው፣ በመካከል ያሉት መንደሮች አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ ነው ያላቸው፤ ያ ከሞላ አማራጭ የለም። ስለዚህ ትልቅ ከተማ ላይ ወረፋውን መጠበቅ፣ ትንሽ መንደር ላይ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት መደወል። በነሐሴ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ማለት ይሻላል። ቋንቋው አያስፈራ፤ «ኡና ካማ፣ ፓራ ማኛና»፣ አንድ አልጋ ለነገ ማለት ነው፣ ከዚያ ስምና የመድረሻ ሰዓት። የቀረ ሰው ደውሎ መሰረዝ አለበት። ሳይሰርዝ የሚቀር በበዛ ቁጥር «ኮምፕሌቶ» የተለጠፈበት ቤት ውስጥ ባዶ አልጋ ያድራል።

ዋናውን መስመር በሙሉ በወር ለሚሄድ ሰው ሠላሳውንም ሌሊት ከቤት ሆኖ ማስያዝን ግን አንመክርም። እግር ውሃ የሚቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ሙቀት፣ ላብና መፋተግ ሲገናኙ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ቀን ማረፍ ቢያስፈልግ የቀሩት 28 አልጋዎች ሁሉ አብረው ይፈርሳሉ። ይህን የፈራ ሰው በቆሰለ እግሩ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ጉዞው በሙሉ ያበቃል። የመጀመሪያውን ሌሊትና የሳንቲያጎን አልጋ መያዝ ይበቃል። ቦርሳ በመኪና የሚያስልክም ይጠንቀቅ፤ የጋሊሲያ የመንግሥት ማደሪያዎች የተላከ ቦርሳ አይረከቡም፣ መድረሻው የግል ቤት መሆን አለበት።

ከሴን ዣን የሚነሣ ሰው የመጀመሪያውን ቀን መንገድ ለሁለት መክፈል ግድ ይለዋል፤ እስከ ሮንሴስቫዬስ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ170 ሜትር ተነስቶ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወጣል። 8 ኪሎ ሜትር ላይ ኦሪሶን የሚባል ማደሪያ አለ፣ እሱ ግን በእርግጥም ቀድሞ ይሞላል። እኛ የምንመርጠው በሸለቆው በኩል ቫልካርሎስ ማደርን ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የማዘጋጃ ቤት ማደሪያም አለው። የተራራው መንገድ ከኅዳር 1 እስከ መጋቢት 31 በፈረንጆቹ ስለሚዘጋ በክረምታቸው ያለውም አማራጭ ይኸው ነው። ከክሩስ ደ ፌሮ (1,504 ሜትር) ወደ ሞሊናሴካ የሚወርደው 900 ሜትር ቁልቁለት ጉልበት ይበላል፤ በመካከል ባለው መንደር፣ ኤል አሴቦ፣ አቋርጦ ማደር ነው። በተቃራኒው ከካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር መንደር የሚባል ነገር የለም፣ እዚያ መንገዱን ለሁለት መክፈል አይቻልም፤ ውሃ ሁለት ሊትር ይዞ በጠዋት መነሣት ብቻ።

በፍልሰታ የሚሄድ ጾመኛ አንድ ነገር ይወቅ። የስፔን ምስር ወጥ፣ ሌንቴሃስ፣ ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ አለበት። የጋሊሲያው የጎመን ሾርባም በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። «ሲን ካርኔ»፣ ያለ ሥጋ ብሎ መጠየቅ፣ ያለዚያ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ። አልጋው ላይ ከመቀመጥ በፊት ደግሞ የፍራሹን ስፌት በስልክ መብራት ማየት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው።

ወጪው ይጨምራል፣ አንደብቅም። 5 ተጨማሪ ሌሊት ማለት ለአልጋ ብቻ ከ50 እስከ 100 ዩሮ ነው፣ የዓመት ፈቃድም ይበላል። ፈቃዱ አጭር ለሆነ ሰው መልሱ መሮጥ ሳይሆን ከቅርብ መነሣት ነው። የመጨረሻውን ሌሊት ግን ለማንም ቢሆን ሞንቴ ዶ ጎሶ እንዲያድር እንመክራለን። ብዙ መቶ አልጋ አለው፣ ጠዋት የቀረው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ትልቅ ቦርሳ ካቴድራሉ ውስጥ ስለማይገባ መጀመሪያ ዕቃ ማስቀመጫ ፈልጎ፣ የተሳላሚዎች ቢሮ ወረፋ ይዞ፣ ለእኩለ ቀኑ ቅዳሴ ይደርሳል። በፈረንጆቹ 2027 የሐዋርያው ያዕቆብ በዓል፣ ሐምሌ 25፣ እሑድ ስለሚውል ቅዱስ ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ይህ ወረፋ ከዛሬው ይረዝማል።