ፖስተሩን ክሰሱ

የፈረንጅ ገና በመጣ ቁጥር ያው ጭቅጭቅ ነው። አንዱ «በበዓል ቀን እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይታያል?» ብሎ ይቆጣል። ሌላው «ይሄ ደግሞ ምኑ ያስፈራል፣ የአሻንጉሊት ጨዋታ!» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠችው ደግሞ በሳቅ ፍርፍር ብላለች። ሦስቱም ያዩት አንድ ፊልም ነው።

እኔ ገናን ከሆረር (ከሚያስፈራ ፊልም) እና ከኮሜዲ ጋር የሚቀላቅሉ ፊልሞችን በጣም እወዳለሁ። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። አብዛኛውን ስድብ የሚቀበሉት በራሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ሻጮቻቸው ግማሹን ደብቀው ስለሚሸጧቸው ነው። አልጫ ነው ተብሎ የቀረበለት ሰው ሚጥሚጣ ሲያቃጥለው የሚረግመው ወጥ ሠሪዋን ነው። አልጫ ነው ያለውን አስተናጋጅ ማን ያስታውሰዋል?

እዚህ አሜሪካ ለምንኖር ሐበሾች ነገሩ ይብሳል። ዲሴምበር 25 ሥራ የለም። ሱቁ ዝግ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ቤቱ አሁንም ጾም ላይ ነው፤ ዶሮም ክትፎም የለም። ግን ሁሉም ዕረፍት ላይ ነውና ዘመድ ይሰበሰባል። ሽሮውና ምስር ወጡ ተበልቶ ቡና ሲፈላ ልጆቹ «ፊልም! ፊልም!» ይላሉ። ሳሎን ውስጥ እማማ አሉ። ኮሌጅ የምትማር የእህቴ ልጅ አለች። ጥርሱ መነቃቀል የጀመረ ሕፃንም አለ። በየወሩ የምንከፍለው የፊልም አገልግሎት «የበዓል ፊልሞች» ብሎ ይደረድርልናል። ሁሉም ላይ በረዶ፣ ሁሉም ላይ ቀይ ኮፍያ። ክራምፐስ እዚያው መሃል ተሰክቷል።

ክራምፐስ ማይክል ዶኸርቲ ዳይሬክት ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ፊልም ነው። መጀመሪያ አካባቢ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። በዓል ሊያከብሩ የተሰበሰቡ፣ ብዙም የማይዋደዱ ዘመዳሞች ናቸው። ማክስ የሚባለው ልጅ ለሳንታ፣ ለገና አባት፣ ደብዳቤ ጽፏል። የአክስቱ ልጆች ራት ላይ ደብዳቤውን ጮክ ብለው እያነበቡ ያላግጡበታል። ልጁ ተናዶ ይቀዳድደውና በመስኮት ለንፋሱ ይበትነዋል። እኛም ቤት እስከዚህ ድረስ ሳቅ ብቻ ነበር። የዘመድ ጭቅጭቅ የማያውቅ ማን አለ? ከዚያ መብራት ይጠፋል። በረዶው ይበረታል። በጭስ መውጫው በኩል በሰንሰለት የታሰረ የዝንጅብል ብስኩት ይወርዳል። አንዱ ልጅ ጠጋ ብሎ ይገምጠዋል። ብስኩቱ ነፍስ ይዘራል፣ ሰንሰለቱ ይጠመጠምበታል፣ ልጁ እየጮኸ ወደ ላይ ይጎተታል።

ሕፃኑ ጮኾ እናቱ ጉያ ገባ። የእህቴ ልጅ እየሳቀች «እማማ፣ ብስኩት እኮ ነው!» አለች። እማማ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። «በጾም ሰይጣን ታስገቡብኛላችሁ?» ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። የቀረው ምሽት ሙሉ ክርክር ሆነ።

እማማ ልክ ናቸው። ፊልሙ ስሙን የወሰደበት ክራምፐስ የኦስትሪያና የደቡብ ጀርመኗ የባቫሪያ ቀንዳም ጋኔን ነው። እዚያ ዲሴምበር 5፣ በቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ፣ ሰዎች ቀንድ ያለው የእንጨት ጭምብልና ጠጉራም ቆዳ ለብሰው፣ ቃጭል እያንቃጨሉ መንገድ ላይ ይሮጣሉ። አርጩሜ ይዘው ያጠፋ ልጅን ያስፈራራሉ። ከጭምብሉ ሥር የጎረቤት ጎረምሳ እንዳለ ትልቁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ፍርሃቱም ሳቁም አብሮ ይመጣል። እማማ ግን ጸበል ቦታ ሰው ሲያጓራ እያዩ ያደጉ ናቸው። ቀንድ ያለው ፍጡር ለእሳቸው ተረት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው «ፊልም አይገባውም» ማለት ድፍረት ነው። በደንብ ነው የገባቸው። የበደላቸው ሳይነግር ያቀረበላቸው ነው።

ጣጣው ደግሞ የዛሬ አይደለም። ግሬምሊንስን ውሰዱ። የገና ፊልም ሆኖ በበጋ፣ በጁን 1984 ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ጆ ዳንቴ ነው፤ የተሸጠው ግን በፕሮዲዩሰሩ በስቲቨን ስፒልበርግ ስም ነው። ልጆች የወደዱት የስፒልበርግ ፊልም ኢ.ቲ. ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። ወላጅ ያንን ስምና ከሳጥን ብቅ ያሉትን ጠጉራም እጆች ሲያይ ሌላ ኢ.ቲ. መጣ ብሎ ልጁን ይዞ ሄደ። ደረጃውም ፒጂ ነበር፤ ወላጅ ከፈቀደ ሕፃንም ያየዋል።

ምን ጠበቃቸው? የዋናው ገጸ ባሕርይ እናት ብቻዋን ቤት ናት። የገና መዝሙር እየተሰማ ነው። ኩሽና ውስጥ ግሬምሊንስ የሚባሉት አረንጓዴ ተንኮለኛ ፍጡራን የጋገረችውን ብስኩት ይበላሉ። አንዱን መፍጫ ውስጥ ትፈጨዋለች። ሌላውን በቢላዋ ትወጋዋለች። ሦስተኛውን ማይክሮዌቭ ውስጥ ትዘጋበትና ይፈነዳል። እኔ ይሄን ክፍል ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ። አንዲት የቤት እመቤት ኩሽናዋን እንዲህ ስትከላከል ማየት ደስ ይላል። የስድስት ዓመት ልጅ ይዞ የገባ አባት ግን ምን ይሁን? ቅሬታው በረታ። በዚያው ሰሞን በወጣው የስፒልበርግ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ላይም ተመሳሳይ ቁጣ ነበር። ስፒልበርግ ራሱ መሃል ላይ የሚገባ ደረጃ ያስፈልጋል አለ። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ላይሆን ይችላል ብሎ ወላጅን የሚያስጠነቅቀው ፒጂ 13 የተባለው ደረጃ በጁላይ 1984 ሥራ ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሁሉ ቁጣ ፊልሙ ጥሩ ወይም መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ሰው የገባበትን ስላላወቀ ነው።

የግሬምሊንስ ገጸ ባሕርይ የሆነችው የኬት ንግግር ግን ለብቻው መወራት አለበት። ኬት ገናን የምትጠላበትን ምክንያት ትናገራለች። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በገና ዋዜማ አባቷ ሳይመለስ ይቀራል። ቀናት ያልፋሉ። ብርዱ ጠንቶ እሳት ልታነድ ስትል መጥፎ ሽታ ይመጣል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭስ መውጫውን ሲፈትሹ አባቷን ያገኙታል። የሳንታ ልብስ ለብሷል፣ ስጦታ ታቅፏል። ሊያስደስታቸው ሲወርድ ተንሸራቶ አንገቱ ተሰብሯል። ሳንታ የሚባል እንደሌለም ያወቀችው ያኔ ነው።

ስቱዲዮው ይሄ ይቆረጥ ብሎ ነበር። ስፒልበርግም አልወደደውም። ዳንቴ አልቆርጥም አለ፤ ስፒልበርግም ፊልሙ የዳይሬክተሩ ነው ብሎ ተወለት። እግዜር ይስጣቸው! በበዓል የሞተባቸው ሰው ትዝ የሚላቸው ስንት አሉ? ቤቱ ሁሉ ሲጨፍር መኝታ ቤት ገብተው በር የሚዘጉ ስንት አሉ? እነሱን የሚያስታውስ የበዓል ፊልም የት አለ? ኬት ስትናገር መሳቅ ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ያሳፍራል። ያ ስሜት ያልተመቸው ሰው ፊልሙን አይወደውም፤ መብቱ ነው። ያ ስሜት ልብ የሚነካው ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ «ሳይለንት ናይት፣ ዴድሊ ናይት» የሚባል ፊልም ወጣ። እሱስ ኮሜዲም አይደለም፤ የሳንታ ልብስ የለበሰ ገዳይ ታሪክ ነው። ወላጆች ሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ተቃወሙ፣ አከፋፋዩም ፊልሙን ሰበሰበ። ግን ሳንታ መስሎ የሚገድል ሰው ያለበት ፊልም በ1980ም ወጥቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ማዕበል አላስነሳም። የ1984ቱ ግን መጥረቢያ የያዘው ሳንታ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሕፃናት ፊት ቀርቧል። አሁንም ማስታወቂያው!

የሆረር ወዳጆችም አያርፉም። «ደም የለውም፣ አያስፈራም» ብለው ክራምፐስን ያጣጥሉታል። እነዚያ ፍጡራን አብዛኞቹ በእጅ የተሠሩ ናቸው፤ የኒውዚላንዱ ዌታ ወርክሾፕ ነው የሠራቸው። ያ ሁሉ ልፋት «አሻንጉሊት» ተብሎ በአንድ ቃል ሲጣል ያናድደኛል። ሳቅና ድንጋጤ የሚመጡት በአንድ መንገድ ነው። ልብህ እስኪንጠለጠል ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ይለቀቃል። በሳቅ ይለቀቅ በጩኸት የሚወስነው የግማሽ ሰከንድ ነገር ነው። ይሄን ሚዛን መጠበቅ ንጹሕ ሆረር ከመሥራት ይከብዳል።

የክራምፐስን መጨረሻ ያላያችሁ ይችን አንቀጽ ዝለሉ። ማክስ ጠዋት ይነቃል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው፣ ስጦታ ይከፈታል። ከስጦታው ውስጥ የክራምፐስ ቃጭል ይወጣል። ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ያስታውሳሉ። ካሜራው ወደ ኋላ ሲርቅ ቤቱ በረዶ የሚዘንብበት የመስታወት ኳስ ውስጥ ነው። ዙሪያውን ሌሎች ብዙ ኳሶች ተደርድረዋል። ታስረው ቀሩ ወይስ ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቷቸው እየተጠበቁ ነው? እኔ ታስረዋል ባይ ነኝ። የእህቴ ልጅ ምሕረት ነው ትላለች። እንዲህ ያለ ክርክር ደስ ይላል። ሰው ስለ ታሪኩ መከራከር ሲችል ስለ ተታለለበት ፖስተር ሲጣላ ያሳዝናል።

ስለዚህ ፊልም የምታቀርቡልን ሆይ፣ ከስሙ ሥር አንድ መስመር ጨምሩልን። ያስቃል፣ ሕፃን ይወሰድበታል፣ ጋኔን አለበት በሉ። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ፒጂ 13 ለእማማ ምንም አትነግራቸውም። ጓደኞቼም «አሪፍ የገና ፊልም ነው» ብቻ ብላችሁ ሊንክ አትላኩ። ክራምፐስን እኔና የእህቴ ልጅ ሌላ ቀን ለብቻችን እንጨርሰዋለን። ለእማማና ለሕፃኑ አንድ ላይ የሚሆን ካወቃችሁ ግን ስሙንና ምን ምን እንዳለበት አብራችሁ ጻፉልኝ።