ተጠቃሚ ብቻ ሆነን እስከ መቼ?

ወገኖቼ ሆይ፣ ኮዳቸውን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው ስለሚችል «ክፍት ምንጭ» ስለሚባሉት ስርዓተ ክወናዎች መጻኢ ዕድል በተነሳ ቁጥር «ሊኑክስ መቼ ነው በየሰው ኮምፒውተር ላይ የሚገባው?» እያልን መከራከር ልማድ አድርገናል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮቻችን ውስጥ ይሠራል፤ ከእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ወዲህም በዓለም ቀዳሚ የሆኑት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚንቀሳቀሱት በሊኑክስ ነው። ስለ መስፋፋቱ መጨነቅ ቀርቶብን፣ ሚሊዮኖች የምንገለገልበትን ሥራ ጥቂቶች ብቻ እንዲሸከሙት ትተን «ነጻ ነው» እያልን መቀመጣችን ሊያሳስበን ይገባል።

በ2024 የሆነውን አንርሳ። ኤክስዜድ የተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች (ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድተው በሚያቀርቡ ጥቅሎች) ውስጥ ይገኛል፤ ለዓመታት የሚንከባከበው ግን ያለ ክፍያ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ሰውየው ደክሞት ሥራው ሲጓተት «ለምን ዘገየህ?» የሚሉ ወቃሾች በዙበት። «ላግዝህ» ብሎ የቀረበውና እውነተኛ ማንነቱ እስካሁን ያልታወቀው ሰው ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ሠርቶ አመኔታ ካተረፈ በኋላ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞች ውስጥ ወደ ሰርቨሮች የሚያስገባ ስውር በር ሸሸገ። ከወቃሾቹ አንዳንዶቹ የሴራው ተባባሪዎች እንደነበሩ ይጠረጠራል፤ ማንም ያልጠረጠራቸው ግን ንግግራቸው ከእኛ ከተጠቃሚዎች የዘወትር ንግግር ስለማይለይ ነበር። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤስኤስኤች በተባለው ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ ፕሮግራም ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ታዝቦ፣ ችላ ሳይል ምክንያቱን እስከ ሥሩ ተከታትሎ ማርች 29 ቀን ይፋ ባያደርገው ኖሮ፣ ያ በር ብዙ ሰርቨሮች ወደሚሠሩባቸው የተረጋጉ ስርጭቶች በገባ ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ገልጦ ያየው ግን አንድ ሰው ነው።

«እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም» አትበሉኝ። እኔም ላፕቶፔ ከእንቅልፍ ሲነቃ ድምፁ ይጠፋብኝ ስለነበር ለብዙ ጊዜ ሳማርር ኖሬ፣ በመጨረሻ የከርነሉን ዕትም፣ የማሽኑን ሞዴልና ችግሩ የሚፈጠርበትን ቅደም ተከተል ጽፌ ላክሁ። አንድ የማላውቀው ሰው የሲስተሙን መዝገብ ጠየቀኝ፤ ላክሁለት፤ ችግሩም በቀጣዩ ዕትም ተስተካከለ። ከእኔ የተፈለገው የአንድ ምሽት ጊዜ ብቻ ነበር። ሰርቨሮቻችሁን ያለ ፈቃድ ክፍያ በሊኑክስ የምታስኬዱ ድርጅቶችም ካተረፋችሁት ገንዘብ ጥቂቱን ለሚንከባከቡት ሰዎች ብትመድቡ ውለታ እንደዋላችሁ አትቁጠሩት፤ ዕዳችሁ ነው።

ከፊታችንም ቀኑ የታወቀ ሥራ አለ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ጊዜን በ32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 አሃዞች ብቻ ባሉት ቁጥር) የሚቆጥሩ ስርዓቶች ቆጣሪያቸው ሞልቶ ወደ 1901 ይመለሳል። ከርነሉ በአብዛኛው ታርሟል፤ ተንከባካቢ ያጡ አሮጌ ፕሮግራሞች ግን አንድ በአንድ መፈተሽ አለባቸው። እንግዲህ በየቀኑ ከምትገለገሉባቸው ፕሮግራሞች አንዱን ምረጡና ማን እንደሚንከባከበው ፈልጉ፤ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ስለ መዘግየቱ ከመውቀሳችሁ በፊት በምን ልታግዙት እንደምትችሉ ጠይቁት።