«ሞተሩ ይከፈት» ከመባሉ በፊት

ባለፈው ክረምት ከአዳማ በአሮጌው መንገድ ስመለስ፣ አቃቂን አልፌ ወደ ቃሊቲ ሳዘግም መኪናዬ ፈላች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይነሣል፣ ውኃው እየተንፈቀፈቀ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የእኔ ቪትዝ የሙቀት ቀስት የላትም፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ፊት ለፊት ቀይ መብራት ይበራል። ያ መብራት አልበራም ነበር።

በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ያህል አየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጓርኒሲዮኑ ነድዷል ጋሼ፤ ቴስታታው መውረድ አለበት» አለኝ። (ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ሆኖ ውኃው፣ ዘይቱና የሚነደው ጋዝ እንዳይቀላቀሉ የሚያትም ስስ ንጣፍ።) ስንት? ከነዕቃው 45 ሺህ ብር። ነገ ጠዋት አመጣታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ብሩ ብቻ አልነበረም፤ ያልበራው መብራት ጭምር እንጂ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ድስት ላይ የተጣደ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ሽምብራ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚያንገላታው ይገባዋል። መኪና ውስጥ ያለው ውኃ በዚህ ሙቀት የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ የሚችለው የግፊት መጠን ማለት ነው። ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ከደከመ ግን ሞተሩ በደኅና ቀኑ በሚሠራበት ሙቀት ላይ እያለ፣ ቀዩ መብራት ምንም ሳያይ፣ ውኃው ይፈላል።

ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ክዳኑን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ጎሚኒ ደርቋል፣ በአንድ ጎኑ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተሰነጣጥቋል። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አየሁ፤ ውኃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል፣ የእኔ ጥቁር ቡና ነበር። ክዳኑን ሳልመልስ ሞተሩን አስነሣሁና የራዲያተሩን አፍ ትክ ብዬ ተመለከትኩ። ጓርኒሲዮን ሲነድድ ብዙ ጊዜ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ አልወጣም። (ሁልጊዜ ይወጣል ማለቴ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚጀምረው ብልሽት ያታልላል።) አዲሱ ክዳን 1,000 ብር አልሞላም። ይኸው ስምንት ወሩ፣ ውኃ ጨምሬ አላውቅም።

ይህን የማወራው መካኒኮችን ለማማት አይደለም። «ከባድ ወጪ ያለበትን ጥገና ራሴ ልሥራ ወይስ ላሠራ?» የሚለውን ጥያቄ እኛ አገር ስንጠይቅ ከሰው አገር የተቀዳ መልስ ስለምንይዝ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው ፈረንጅ መፍቻ ይዞ መኪናው ሥር ሲገባ እናያለንና ጉብዝና ማለት ብሎን መፍታት ይመስለናል። እሱ ግን መኪናው ሥር የሚገባው በገዛ አገሩ ሒሳብ ነው።

የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። ፕሪየስ የሚባለውን በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ መኪና ይዞ ኡበር ይሠራል። እዚያ አንድ ጋራዥ ለእጅ ብቻ በሰዓት ከ150 ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ የፍሬን ሸራው ራሱ ግን ከሱቅ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገዛል። መሣሪያ ከሌለህ አውቶዞን የሚባለው የመለዋወጫ ሱቅ መያዣ ገንዘብ ተቀብሎ ያውስሃል፣ ስትመልስ ገንዘብህን ይመልስልሃል። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ ሸራውን ራሱ ይቀይራል። ልክ ነው። የሚያድነው የእጅ ዋጋ ነው፣ ውዱም እሱ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ ግልባጭ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመካኒኩ እጅ ከሒሳቡ ትንሹ ነው፤ የሚያንገበግበው ዕቃው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ መለዋወጫው ደግሞ የሚመጣው በዶላር ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን ተፈረደባቸው። እናም ግማሽ ቀን ቱታ ለብሼ፣ ክሪክ ተውሼ፣ ጣቴን ልጬ የማድነው ለአንድ ታታሪ ወጣት የምከፍለውን የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ ምን ተረፈኝ? የተሳሳተ ዕቃ ገዝቼ ከሆነ ግን፣ ወይም ያልተበላሸ ነገር አስከፍቼ ከሆነ፣ የወር ደመወዝ ሄደ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይኼ ነው፦ እዚህ አገር ባለመኪናው ራሱ መሥራት ያለበት ውድ ሥራ ምርመራውና ግዢው ነው። መፍቻውን ለባለሙያው ይተው።

ግዢውን ልጀምር። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሲገባ ይደናገራል፣ እውነት ነው። ግን የሻሲ ቁጥርህንና የሞተሩን ስም ጽፈህ፣ የተበላሸውን ዕቃ በፌስታል ይዘህ ከሄድክ ሻጩ እንደ አዋቂ ያይሃል። ጎረቤቴ የሆነች መምህርት «100 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሞላ ታይሚንግ ቤልት ይቀየር» ተብላ ዋጋ ተቆርጦላት ነበር። (ታይሚንግ ቤልት የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው።) መኪናዋ 1ኤንዜድ ሞተር ያለው ያሪስ ነው። ያ ሞተር ቤልት የለውም፣ ሰንሰለት ነው ያለው! ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ ብቻ የሌለ ዕቃ ከመግዛት አዳናት። የነገራት ሰው ሌባ ነው ብዬ አላምንም፤ ድሮ ሲሠራባቸው የኖሩት ኮሮላዎች ቤልት ስለነበራቸው ከልምድ የተናገረው ይመስለኛል። ቢሆንም ከፋዩዋ እሷ ነበረች።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ ከመካኒክ ዓይን በተጨማሪ አሁን በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙ የማትበልጥ ኮድ ማንበቢያ አለች። መሪው ሥር ባለው ሶኬት ትሰካለች። የሞተር መብራት ሲበራ ቁጥር ትነግርሃለች። ትልቁ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ቁጥሩ የሚነግርህ ሕመሙን እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም። ፒ 0171 ሲመጣ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር አነሰ ማለት ነው። ሰው ሮጦ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን ብዙውን ጊዜ እውነቱን የተናገረ ምስክር ነው፤ ጥፋተኛው አየር የሚያሾልክ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ምስክር አስሮ ወንጀለኛ መልቀቅ ይሉሃል ይኼ ነው።

መካኒኮች በበኩላቸው የሚሉትን ሰምቻለሁ፦ ኢንተርኔት ያነበበ ደንበኛ የሥራ ጠላት ነው፣ ራሱ በገዛው ርካሽ ዕቃ መኪናው ሲቆም የሚወቀሰው ሠራተኛው ነው። ይኼ ተገቢ ቅሬታ ነው። እኔም ክዳኑን ይዤ ጋራዡ ስመለስ ጀብደኛ ላለመምሰል ተጠንቅቄያለሁ፤ «እስኪ ይቺን እንሞክራትና ካልሆነ እንከፍተዋለን» ነው ያልኩት። ልጁ የአሮጌውን ክዳን ጎሚኒ በጥፍሩ ፍቆ ሳቀ። አስከትሎም አንድ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ፦ ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት «አገሩ ይሞቃል» ተብሎ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አስወልቆ ጥሎታል። ይሄ እኛ አገር የተለመደ ነው፣ ጎጂም ነው፤ በብርዱ ጠዋት ሞተሩ ሙቀቱን ቶሎ ስለማያገኝ ነዳጅ በከንቱ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል። ቴርሞስታት ገዛሁ፤ የገጠመው እሱ ነው።

እኔ የማልነካቸው አሉ። ፍሬን መቀየር ከባድ አይደለም፤ ግን አንድ ብሎን በደንብ ሳይጠብቅ ቢቀር የሚከፍለው እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ከፊቴ ያለው ሰው ነው። ክሪክ ብቻ በተደገፈች መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ፤ ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ለማሳደር አልተሠራም።

የአጎቴ ልጅም በራሱ አገር ሒሳብ ድንበር አለው። አምና የፕሪየሱ ባትሪ መብራት በራ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ተደርድረው 201.6 ቮልት የሚሰጡበት ነው፤ ሰው ይገድላል። የደከመችውን አንዷን ሞጁል ብቻ ቀይረው ብዙ ዶላር አዳንን የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። እሱም መሣሪያ ገዝቶ ነበር። ደውሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ የኋላ ወንበሩ አጠገብ ያለውን የባትሪ ማቀዝቀዣ ፋን አይተኸዋል ወይ አልኩት። አላየውም። ፋኑ በተሳፋሪ ልብስ ብናኝና በውሻ ፀጉር ተደፍኖ ባትሪው በሙቀት ሲሰቃይ ኖሯል። ጠረገው፤ መብራቱ ግን ተመልሶ በራ፣ ባትሪው ለካ ቀድሞውኑ ተጎድቷል። መጨረሻ ላይ ለባለሙያ ከፍሎ ሙሉውን አስቀየረ። አንዷን ብትቀይር ቀጣይዋ አርጅታ በወራት ውስጥ እንደምትከተል መካኒኩም ነገረው።

የእኔዋ ደግሞ ከሳምንት ወዲህ መሪ ሙሉ ሲዞር ከፊት ቀኝ ጎማ «ቀጭ ቀጭ» ትላለች። ባዶ ሜዳ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሬ ሰምቼያታለሁ፤ ወደ ግራ ስትዞር ብቻ ነው፣ የቀኙ የውጭ ጆይንት፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ፣ ይመስለኛል። ሐሙስ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ የጃፓን ጆይንት ከነጎሚኒው አስመርጬ ገዝቻለሁ። ቅዳሜ የጋራዡ ልጅ ይፈታል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ።