ርካሹ ዋጋ በማን ገንዘብ ነው?

ሰሞኑን በችርቻሮ ንግድ ላይ በተካሄደ አንድ ውይይት፣ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች ለአቅራቢዎቻቸው የሚከፍሉበት የጊዜ ገደብ በሕግ ይወሰን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን የተቃወሙት ተናጋሪ «አቅራቢውም ወዶ ይፈርማል፣ ሸማቹም ወዶ ይገዛል፤ ታዲያ ሕግ በመካከላቸው ምን አገባው?» አሉ፤ ተጨበጨበላቸውም። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ያስቆጣኝ ጭብጨባው ነው፤ ካጨበጨቡት መካከል ብዙዎቹ የዘርፉን የውስጥ አሠራር ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ያ «ወዶ» የተባለው ፊርማ እንዴት እንደሚፈረም በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች ናቸውና።

አቅራቢው ወዶ ይፈርማል የሚባለው በምን አማራጭ ነው? ምርቱን ለሃምሳ የተለያዩ ባለሱቆች የሚያከፋፍል ሰው አንዱ ቢያስቸግረው ትቶት ይሄዳል፤ የሚቀርበት አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ሃምሳዎቹ ሱቆች የአንድ ድርጅት ቅርንጫፎች ሲሆኑ ግን ከአንድ የግዢ ኃላፊ ጋር መጣላት ማለት ገበያውን በሙሉ በአንድ ጀንበር ማጣት ማለት ነው። ማሽን በብድር የገዛ፣ ሠራተኛ የቀጠረ፣ የምርቱን እኩሌታ ለዚያ ድርጅት የሚያስረክብ ሰው የቀረበለትን ውል አልፈርምም ለማለት የሚያስችል አቅም የለውም። በእንዲህ ያለ ግንኙነት ውስጥ የውል ነጻነትን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የነገሩ እምብርት ክፍያው ነው። ማለዳ መደብሩ የተረከበው ወተት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ተሸጦ ያልቃል፤ ሸማቹ እዚያው ሒሳቡን ይከፍላል፤ ገንዘቡም ወደ ድርጅቱ ካዝና ይገባል። ወተቱን ያቀረበው ሰው ግን ገንዘቡን የሚያየው ከስልሳ፣ አንዳንዴም ከዘጠና ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ ገንዘቡ ያለ ወለድና ያለ ማስያዣ በመደብሩ እጅ ይቆያል። ተራው ነጋዴ ባንክ ተመላልሶ፣ ቤቱን አስይዞ፣ ወለድ ከፍሎ የሚያገኘውን ብድር ግዙፉ ድርጅት ከአነስተኛው አምራች በነጻ ይወስደዋል። ይህ በመቶ ቅርንጫፍና በሺህ ዓይነት ሸቀጥ ሲባዛ የሚጠራቀመው ገንዘብ አዲስ ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ ማስታወቂያ ያሠራል፣ ለጥቂት ወራት በኪሳራ ለመሸጥም ያስችላል። አዲሱ ቅርንጫፍ የሚከፈተው ደግሞ ለዚያው አቅራቢ እጅ በእጅ እየከፈለ ከሚገዛው ትንሽ ሱቅ ጎን ነው። በዚህ ሁኔታ አቅራቢው ሳያውቀው የሚበጀውን ደንበኛ በገዛ ገንዘቡ ያስዘጋል፤ ባለሱቁ በሩን ሲዘጋም «በውድድር ተሸነፈ» ይባላል። ባለሱቁን የጣለው የተፎካካሪው ቅልጥፍና ሳይሆን የሰው ገንዘብ ነው። እነዚህ መደብሮች ለኅብረተሰቡ ስላላቸው ጥቅም የሚጽፉ ሰዎች ይህን አንድ ነጥብ ዘለው ስለ ሰፊው መተላለፊያና ስለ ደማቁ መብራት ገጽ ሙሉ ሲያትቱ ትዕግሥቴ ያልቃል።

የምናገረው በጥርጣሬ አይደለም። በብሪታንያ የሱፐርማርኬቶችንና የአቅራቢዎቻቸውን ግንኙነት የሚቆጣጠረው አካል እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ይፋ ባደረገው የምርመራ ውጤት፣ ቴስኮ የተባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት የራሱን የፋይናንስ አቋም ለማሳመር ሲል ለአቅራቢዎች የሚገባቸውን ገንዘብ እያወቀ ማዘግየቱን አረጋግጧል። ጥፋቱ የተፈጸመው ተቆጣጣሪው የገንዘብ ቅጣት የመጣል ሥልጣን ከማግኘቱ በፊት ስለነበር ድርጅቱ ሳይቀጣ ቀርቷል። ሕግ አውጥቶ ተቆጣጣሪ በሾመ አገር ይህ ከሆነ፣ ጠያቂ በሌለበት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

የአንድ ትልቅ መደብር የአቅርቦት ውል አንብቤ አውቃለሁ። ያልተሸጠውን ዕቃ አቅራቢው በራሱ ወጪ ይመልሳል። ለሸማቹ ቅናሽ ሲደረግ ወጪውን የሚሸፍነው አቅራቢው ነው፤ የቅናሹን ቀንና መጠን የሚወስነው ግን መደብሩ ነው። በዓይን ትክክል ባለው መደርደሪያ ላይ ለመቀመጥ ለብቻው ይከፈላል። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት አቅራቢው መዋጮ ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የክፍያው ዘጠና ቀን የሚቆጠረው ዕቃው ከገባበት ዕለት ሳይሆን ደረሰኙ በሒሳብ ክፍል ተቀባይነት ካገኘበት ዕለት ጀምሮ መሆኑ ነው፤ ሒሳብ ክፍሉ ደረሰኙን በስንት ቀን ውስጥ መርምሮ መቀበል እንዳለበት የሚናገር አንድም መስመር በውሉ ውስጥ የለም። ይህን ያረቀቀው ሰው የሚሠራውን ያውቃል።

እንዲህ በሰው ገንዘብ የተገነባ ሲወድቅም የሚወድቀው በአቅራቢው ላይ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከ60 በላይ ቅርንጫፎች የነበሩት የኬንያው ሱፐርማርኬት ናኩማት እ.ኤ.አ. በ2017 መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ፤ በ2018 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በአስተዳዳሪ እጅ ገባ፤ በ2020 መጀመሪያ ገንዘብ ጠያቂዎቹ እንዲፈርስ ወሰኑ። ዕቃቸውን በዱቤ ያስረከቡ አቅራቢዎች በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ሳይከፈላቸው ቀረ። ባንክ ማስያዣ ይዞ ያበድራል፤ አቅራቢው ግን በእጁ የሚቀረው የተፈረመበት የርክክብ ወረቀት ብቻ ነው።

እነዚህ መደብሮች ዋጋን በግልጽ መለጠፍን እንዳስለመዱና የዕቃ ጥራትን ወጥ እንዳደረጉ አልክድም። ይሁን እንጂ ይህን ለማድረግ የአምራቹን ገንዘብ ሦስት ወር ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ሁለቱን አያይዞ ማቅረብ ሰውን ማደናገር ነው። «ሸማቹ ወዶ ይገዛል» የሚለውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሸማቹ የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። ያ ዋጋ በማን ኪሳራ እንደወረደ በጥቅሉ ላይ አልተጻፈም፤ ያልተነገረውን ነገር እንደመረጠ አድርጎ መመስከር የሸማቹን ስም ያለ ፈቃዱ መጠቀም ነው። በየሰፈሩ የነበሩት ሱቆች ከተዘጉ በኋላማ ምርጫ የሚባለው ቃል ራሱ ትርጉም የለውም። በተለይ መኪና የሌላቸውና ሩቅ መሄድ የማይችሉ አረጋውያን የሚገዙት ወደው ሳይሆን ሌላ ስላጡ ነው።

የሕግ ጣልቃ ገብነት ንግድን ይገድላል የሚለው ማስፈራሪያም በታሪክ ውድቅ ሆኗል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ከ15,000 በላይ መደብሮች የነበሩት ኤ ኤንድ ፒ አቅራቢዎችን እየተጫነ ልዩ ቅናሽ መውሰዱ ሲያስመርር፣ ምክር ቤቱ በ1936 ለትልልቅ ገዢዎች እንዲህ ያለ አድሏዊ ቅናሽ መስጠትን የሚገድበውን ሮቢንሰን ፓትማን የተባለውን ሕግ አወጣ፤ የችርቻሮ ንግዱ ግን ከዚያ በኋላም አደገ እንጂ አልሞተም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ቶሎ ለሚበላሹ የምግብና የግብርና ምርቶች በ30 ቀን፣ ለሌሎቹ የዘርፉ ምርቶች በ60 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ደንግጓል። መደብሮቹ ዛሬም ክፍት ናቸው።

ስለዚህ የክፍያው ቀን በሕግ ይወሰን፤ ቆጠራውም ዕቃው ከተረከበበት ዕለት ይጀምር፤ ያለፈው ቀን ሁሉ ወለድ ይታሰብበት። አቤቱታ የሚያቀርበው ሰው ስም እንዳይገለጽ የሚያደርግ አንቀጽም በግልጽ ይጻፍበት። የብሪታንያው ተቆጣጣሪ የአቅራቢዎችን ማንነት በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ ባይኖር ኖሮ አንድም አቅራቢ ደፍሮ ባልተናገረ ነበር። ስሙ የተገለጸ አቅራቢ ዕቃው በማግሥቱ ከሁሉም ቅርንጫፍ መደርደሪያ ላይ እንደሚወርድ ያውቃል፤ ያጨበጨቡትም ሰዎች ያውቃሉ።