ለደስታ የሚያነብ ወዮለት!

ለሚገባው ሰው ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። ስለዚህ ዛሬ ዘመናዊውን አንባቢ ላወድስ ተነስቻለሁ። እሱ ባይደርስልን ኖሮ ንባብ እስካሁንም የሥራ ፈት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ያን የድሮውን ሰው አስታውሱት፤ ጥጉን ይዞ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ማንም ሳያየው፣ ምንም ሳይጠቅመው፣ ደስ ስላለው ብቻ የሚያነበውን። መጽሐፉን ሲጨርስ ለማንም አይናገርም። ስንተኛው እንደሆነ አያውቅም። ብትጠይቁት «ደስ ይላል» ብሎ ሌላውን ይከፍታል። ይህን ሁሉ አንብቦ አንድም ምስክር የለው! ብክነት ማለት ይህ ነው።

እሰይ፣ ያ ዘመን አለፈ። የዛሬ አንባቢ የሚያነበው በዕቅድ ነው። ዓመቱ ገና ሲጠባ ግቡን ለሕዝብ ያውጃል፤ ሃምሳ ሁለት መጽሐፍ። ለምን ሃምሳ ሁለት ሆነ? ዓመቱ ሃምሳ ሁለት ሳምንት ስላለው ነዋ! መጽሐፉ ስልሳ ገጽ ይሁን ስድስት መቶ፣ ሳምንቱ እንደሆነ ሰባት ቀን ነው። የአንባቢያችን ብልሃት ጎልቶ የሚወጣው ደግሞ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያኔ ወፋፍራሞቹ ልብወለዶች ከራስጌው ይሰወሩና ቀጫጭን የግጥም መድበሎች፣ በትልልቅ ፊደል የታተሙ ምክሮች፣ ከነሥዕላቸው የሕፃናት ተረቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። አንድ ያው አንድ ነው፤ ማን ሚዛን ይዞ ይመጣል?

ለዚህ ሥርዓት መሣሪያ ያዘጋጁልንም ይመስገኑ። ጉድሪድስ የተሰኘው የአንባቢዎች ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዚህ ዓመት ስንት ልታነብ አስበሃል እያለ ቃል ያስገባል። ቃልህን ካጎደልክ ደግሞ ከዕቅድህ ሁለት መጽሐፍ ወደኋላ ቀርተሃል ብሎ ያስታውስሃል። ይህን ቃል ድሮ የምንሰማው መሥሪያ ቤት፣ ከአለቃ አፍ ብቻ ነበር። ዛሬ እግዜር ይስጣቸውና ማታ ልንተኛ ስንል አልጋችን ድረስ ይመጣልናል።

ሳይንስም ከጎናችን ነው። ጆርዳን ኤትኪን የተባለች የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ሥዕል ቀለም ሲቀቡ፣ ሲራመዱ፣ ሲያነቡ የሠሩት እየተቆጠረ ቢነገራቸው ምን እንደሚሆኑ ፈተሸች። የሚሠሩት በዛ፤ የሚያገኙት ደስታ ግን አነሰ። ሲወዱት የነበረው ነገር ሥራ ሥራ ይሸታቸው ጀመር። ሞኝ ሰው ይህን ሲሰማ ቆጠራውን ያቆማል። እኛ ግን «በዛ» የሚለው ቃል ላይ አስምረንበት፣ ፎቶ አንስተን ለጥፈነዋል።

ፎቶ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ጥበብ ሳላመሰግን አላልፍም። መጽሐፉ ገጽ ዘጠኝ ላይ ይከፈታል። አጠገቡ እንፋሎቱ የሚታይ ስኒ ይቀመጣል። መነጽር ካለ ጥሩ፤ የማያደርግም ሰው ቢሆን ይዋሳል። ብርሃኑ ከመስኮት በኩል መምጣት አለበት። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ጣት ገጹን ሲነካ፣ አንዴ ጣቱ ሳይነካ። ከዚያ ተመርጦ ይለጠፋል። አንባቢው ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት የሚያሳልፈው በእውነተኛ ንባብ ነው፤ ከሥሩ የተጻፉለትን አስተያየቶች አንድ በአንድ ያነባል። መጽሐፉ ከፎቶው በፊት ገጽ ዘጠኝ ላይ ነበር፤ ከፎቶውም በኋላ ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው። ስኒው ግን ቀዝቅዟል።

መደርደሪያውስ! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው የዛሬውን መደርደሪያ ቢያይ ኖሮ ላሚቱን አውርዶ በቀለም ይደረድራት ነበር። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር። የአንድ ታሪክ ክፍል አንዱ በቀይ፣ ክፍል ሁለቱ በአረንጓዴ ሽፋን ከታተመ ሁለቱ ወንድማማቾች ላይገናኙ ተለያዩ ማለት ነው። ይበልጥ የረቀቁቱ ደግሞ ርዕሱ የተጻፈበትን ጀርባ ወደ ግድግዳ አዙረው የወረቀቱን ጠርዝ ብቻ ያሳዩናል፤ ነጩ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳላ። የትኛው መጽሐፍ የቱ እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም። የማወጣው ቀን ይመጣል ብሎ ስለማይሰጋ ግን እንቅልፍ አያጣም።

ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ነገር አጉረምርሟል። ባለቤታቸው ዕድሜ ልኩን ርዕሳቸውን እንኳ አንብቦ የማይጨርሳቸው መጻሕፍት ለምን ይከማቻሉ ባይ ነበር። አይፈረድበትም። በእሱ ዘመን የቪዲዮ ስብሰባ አልነበረም፤ ከጀርባው ባዶ ግድግዳ የሚታይ ሰው ሐሳቡም ባዶ እንደሚመስል ከየት ይወቀው?

ነገር ግን እናንብብ ብንልስ ጊዜው ከየት ይመጣል? ለዚህም መላ ተበጅቷል። የሦስት መቶ ገጹን መጽሐፍ በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚያጫውት ማጠቃለያ አለ። ደራሲው ስምንት ዓመት የለፋበት ልብወለድ ተጨምቆ «ተዋደዱ፤ ተጣሉ፤ አንደኛው ሞተ» ይሆንልናል። ቀሪው ወሬ ነበር። ማጠቃለያ የማያጠግበው ደግሞ የድምፅ መጽሐፉን በእጥፍ ፍጥነት ይከፍተዋል። ተራኪዋ ልጇን የቀበረች እናት ስታለቅስ ትተርክ ይሆናል፤ ለአድማጫችን ግን ለቅሶው ሲንጫጫ ወፍ የያዘ ጎጆ ነው የሚመስለው። ጊዜ ግን ተርፏል። በተረፈው ጊዜ ምን ተሠራ? ሌላ መጽሐፍ በእጥፍ ፍጥነት ተሰማበት።

በፍጥነት የማንበብ ትምህርት የሚሰጡትንማ ምን ብዬ ላወድሳቸው! ማርክ ብሪስባርት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 190 ያህል ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ አንድ ጎልማሳ ልብወለድ ያልሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ድምፅ ሳያወጣ ሲያነብ በደቂቃ በአማካይ 238 ቃላት ያህል ይሄዳል አለ። አሠልጣኞቹ ግን በሺህ በሺህ ነው የሚሰፍሩት። ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ፍጥነቱ ከመጠን ሲጨምር መረዳቱ ይቀንሳል የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥተው ነበር። መረዳትን ማን ጠየቃቸው?

የንባቡ ዓይነትም ተስተካክሏል። ቁም ነገር የሌለው መጽሐፍ የያዘ ሰው ድሮ አያፍርም ነበር። ዛሬ «ልብወለድ እያነበብኩ ነው» የሚል ጎልማሳ አንገቱን ይደፋል። «የሌሎችን ስሜት የመረዳት ክህሎቴን እያዳበርኩ ነው» ያለ እንደሆነ ግን ወንበር ይለቀቅለታል። መጽሐፉ ያው ነው። እንዲያውም አንዳንዱ የፍቅር ታሪክ ሲያነብ ሰው ከደረሰበት፣ የአእምሮ እርጅናን ይከላከላል ሲሉ ሰምቼ ነው ብሎ ያመልጣል። መድኃኒት ነው የምውጠው እንደማለት። ተውጦ ፊት ካላስኮመተረ ደግሞ የምን መድኃኒት ነው?

ተተኪውንም ትውልድ አልዘነጋነውም። ድሮ ልጅ ተኛ ሲባል ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ በባትሪ ብርሃን የሚያነብበት ጊዜ ነበር፤ ለዚያውም ተገርፎ! አሁን ያ ልጅ ለየምዕራፉ ማጠቃለያ ይጽፋል፣ ዋናውን ሐሳብ ያወጣል፣ የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ በሠንጠረዥ ይሞላል፣ ኮከብ ይለጠፍለታል። ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው ለተወሰኑት «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ልጆቹ ሣሉ፤ ተሸለሙ። ከቀናት በኋላ ያው ቀለም ያለ ሽልማት ሲቀርብ፣ ሽልማት የሚባል ነገር ካልሰሙት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ኮከብ ርካሽ ነው፣ ለመለጠፍ ይቀላል፣ ልጁንም ከመጽሐፍ ፍቅር ገላግሎት ቁጭ ነው።

ልፋታችን ፍሬ ማፍራቱ በአሜሪካ በደንብ ተለክቷል። በ2025 የወጣ፣ የ236,000 ሰዎችን የጊዜ አጠቃቀም መዝገብ ያገላበጠ ጥናት እንደሚለው በአንድ ተራ ቀን ለደስታ የሚያነቡት እ.ኤ.አ. በ2004 28 በመቶ ነበሩ፤ በ2023 ወደ 16 በመቶ ወርደዋል። አጥኚዎቹ ያዘኑ ይመስላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ የወረደው አይደለም፤ የቀረው ነው። አሥራ ስድስት በመቶ ሰው ዛሬም የሆነ ጥግ ላይ እግሩን ዘርግቷል ማለት እኮ ነው!

ይባስ ብሎ ከእኛም ወገን የሚከዱ አሉ። አንድ ወዳጄን ላንሳ። እንዲህ ያለ ቆጣሪ አልነበረም። መጽሐፍ ሲመርጥ ከርዕሱ በፊት የገጹን ብዛት ያያል። ታዲያ አንድ ቀን ከአሮጌ ወረቀት መሐል አንድ የወንጀል ልብወለድ ያገኛል። ሽፋኑ የለም። የደራሲው ስም የለም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፤ ታሪኩ የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ወዳጄ እንደ ልማዱ ሊመዘግበው ስልኩን አወጣ። ርዕስ ሲባል፣ የለም። ደራሲ ሲባል፣ የለም። ሊመዘገብ አልቻለም። ሊቆጠርም አልቻለም። ፎቶ ቢያነሳው ደግሞ የተቀደደ ወረቀት ማን ላይክ ያደርጋል? እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ አንድም የሚሠራበት ነገር ሲያጣ ጊዜ፣ አነበበው።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው አልተመለሰም። ታክሲ ውስጥ ሲያነብ መውረጃውን ያልፋል፤ ሲያልፍም አይናደድም። ብቻውን ሲስቅ ታይቷል። የመልክዓ ምድር ገለጻ ሲመጣ ሁለት ሦስት ገጽ ይዘላል፤ ከዘለለም በኋላ በሰላም ይተኛል። ሁሉም ሰው ያደነቀውን አንድ ትልቅ መጽሐፍ ገጽ አርባ ላይ «አልያዘኝም» ብሎ ዘጋው፤ አልያዘኝም! የባሰው ደግሞ ያንን ሽፋን አልባ መጽሐፍ እንደገና ማንበቡ ነው። ነፍሰ ገዳዩን እያወቀው! ይህን ስሰማ ሽማግሌ ልልክበት ዳድቶኝ ነበር።

በኋላ ሳጣራ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሕግም አላቸው። ዳንኤል ፔናክ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ፣ ያውም መምህር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የአንባቢ መብቶች ብሎ አሥር ነጥብ አውጥቶላቸዋል። ያለማንበብ መብት፣ ገጽ የመዝለል መብት፣ ያለመጨረስ መብት፣ ደጋግሞ የማንበብ መብት፣ ያገኙትን ሁሉ የማንበብ መብት እያለ ይወርዳል። እነዚህን በግድም ቢሆን እንቻላቸው። አሥረኛው ግን አይቻልም፤ ዝም የማለት መብት ይላል። ስላነበቡት ነገር ለማንም ምንም ያለመናገር! እስቲ አስቡት፤ ይህ መብት ከተከበረ ፎቶው፣ ቆጠራው፣ የዓመቱ መጨረሻ ዝርዝር፣ «በዚህ ዓመት ሕይወቴን የለወጡ አሥር መጻሕፍት» የሚለው ሁሉ የት ሊገባ ነው? እኔስ ምን ልጽፍ ነው?

ስለዚህ ወዳጄን ልመልሰው ሄድኩ።

«ስሙን ባታውቀው እንኳ ገጹን ቁጠርና መዝግበው» አልኩት።

«የጎደለ ገጽ አለውኮ።»

«እሺ ምን አተረፍክበት? ምን ትምህርት ወሰድክ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ሰውየው መያዙ ነው የጨነቀኝ። ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

«ይሁን፣ ገዳዩ ማን ሆነ?»

ሳቀብኝ። «ልነግርህማ አልችልም፤ ወስደህ አንብበው» ብሎ መጽሐፉን አስታቀፈኝ።

መጽሐፉ በማስረጃነት እጄ ላይ ይገኛል። ምርመራውን ትናንት ማታ ጀምሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ያቋረጥኩትም ይህ ጽሑፍ ቀን ተቆርጦለት ስለነበር ብቻ ነው። ለጊዜው ብዙ መናገር አይፈቀድልኝም፤ የሟች ወንድም ለቅሶ ግን ፈጽሞ አላማረኝም። ስልኬ ዝግ ነው።